ያው ሽቦ አይደል?

ቅዳሜ ጠዋት የኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ላይ የአራተኛ ፎቋ እትዬ ያዙኝ። የያዙት እንኳ የእጄን አንጓ ነው። ሰንሰለቴን ወደ ብርሃን ገለበጡት።

"ብር ነው ኒኬል?"

"ብር ነው። ራሴ ነኝ የሠራሁት።"

"ተባረክ! ለልጄም አንድ ጣል አድርግላት።"

ስለ ዋጋ ላወራ አፌን ስከፍት "ኧረ በሞቴ! ያው ሽቦ አይደል?" ብለው ወረዱ።

ሽቦ! እሺ፣ ስለ ሽቦው ላውራ። ከየካ አባዶ ፒያሳ ድረስ ሄጄ የማመጣውን 1 ሚሊ ሽቦ፣ 4 ሚሊ ውፍረት ባለው ምስማር ላይ እጠመጥማለሁ። ጥምጥሙን በቀጭን መጋዝ ስሰነጥቀው ቀለበት ቀለበት ሆኖ ይረግፋል። አንዱ ቀለበት ሰንሰለቱን የሚያስረዝመው በ4 ሚሊ ብቻ ነው። ለ18 ሳንቲሜትር 45 ቀለበት በሉት። እያንዳንዱ አፉ ገጥሞ፣ ብየዳው እንዲይዝ ቦራክስ ተቀብቶ፣ በእሳት ይበየዳል። እሳቱ ትንሽ ከቆየበት ቀለበቱ ይቀልጥና ጠብታ ይሆናል። ያቺን ጠብታ ሳይ ከአፌ የሚወጣውን ጎረቤት ባይሰማ ይሻላል።

"ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው" የሚለውን ተረት እወደዋለሁ። ደላላ ቤት ሊያከራየኝ ሲያጣድፈኝም የጠቀሰው እሱን ነው። ብር ግን ተረት አያውቅም። ደብዘዝ ብሎ እስኪቀላ አግለዋለሁ፣ ውሃ ውስጥ እነክረዋለሁ፤ ለመዶሻ የሚመቸው ከዚያ በኋላ፣ ቀዝቅዞ ነው። ቢላዋ እንዲህ ቢነከር ይጠነክራል፤ ብር ይለሰልሳል። ይህን ለደላላው ነገርኩት። አልሳቀም።

ቂምም አለኝ። ልጅ ሳለሁ እናቴ ለእህቴ አምባር እንዲሠራ ሁለት ጠገራ ብር ለአንድ አንጥረኛ ሰጠች። የማርያ ቴሬዛ። አንዱ 28 ግራም ይመዝናል። ንግሥቲቱ በፈረንጆች 1780 ሞተች፣ ብሯ ግን ዛሬም 1780 ተብሎ ይመታል። የኛዎቹን ያ ሰውዬ አሳረፋቸው። 56 ግራም ገብቶ የወጣው አምባር ከፀጉር ማስያዣ ብዙም አይከብድም ነበር። "እሳት በላው" አለ። አሁን ራሴ ሳቀልጥ እንዳየሁት፣ እሳት ያን ያህል ሆዳም አይደለም።

ግን እሱስ ቢሆን? ማረሻ፣ የአንገት መስቀል፣ የሙሽራ ጌጥ ሲሠሩ የኖሩትን ሰዎች "ቀጥቃጭ" ብለን ሰደብን፣ ቡዳ ናቸው ብለን ከማዕድ አገለልን። በሠሩት ማረሻ የታረሰው እህል ግን አልመረረንም። ይሄ ያናድደኛል። የምር ያናድደኛል። ዛሬ ስድቡ ቀለል ብሏል መሰለኝ፣ "ጣል አድርግልኝ" ሆኗል። ለማኪያቶ ሳይከራከር የሚከፍል ሰው የእጅ ሥራ ሲያይ ነጻ ይመስለዋል።

እትዬን ረሳኋቸው። ትናንት ማታ አንኳኩ። "ባዶ እጄን አልመጣሁም" ብለው አምስት የተቀቀለ እንቁላል በፌስታል ይዘው ገቡ። እንቁላል ድኝ አለበት፤ ብርን ያጠቁራል። የልጅቱ ሰንሰለት (አዎ፣ ጀምሬዋለሁ) ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ 23ኛው ቀለበት ላይ። ፌስታሉን ልክ ከጎኑ አስቀመጡት።

"ሽቦው ገና ነው እንዴ?"

አንዱን እንቁላል ልጬ በላሁ።