መምህሩ ከሰመ፣ ተማሪው በረረ

የኢትዮጵያ አየር መንገድን አውሮፕላኖች መጀመሪያ ያበረሩት አሜሪካውያን ናቸው። የመጡትም ቲደብሊውኤ ከሚባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1945 መጨረሻ ተቋቋመ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በኤፕሪል 1946 በአስመራ በኩል ካይሮ ገባ። ያኔ ካፒቴኑም፣ መካኒኩም፣ ሥራ አስኪያጁም ፈረንጅ ነበር። አንድ ኢትዮጵያዊ የዋና ሥራ አስኪያጅነቱን ወንበር እስኪይዝ 1971 ደረሰ። እሳቸውም ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ ናቸው።

ዛሬ መምህሩ ቲደብሊውኤ የለም። በ1992፣ በ1995 እና በ2001 ሦስት ጊዜ ኪሳራ አወጀ። በመጨረሻ አሜሪካን ኤርላይንስ ገዛው። ተማሪው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ግን ከአፍሪካ ትልቁ አየር መንገድ ሆኗል። ይህን ሳስብ ሁሌም ይገርመኛል።

እኔ የምኖረው ዋሽንግተን ዙሪያ ነው። እዚህ የኛ ሰው ኑሮው ከኤርፖርት ጋር የተሳሰረ ነው። ታክሲ የሚነዳው፣ ዊልቸር የሚገፋው፣ ሻንጣ የሚጭነው፣ ሱቅ ውስጥ የሚሠራው ብዙ ነው። ስለዚህ አንድ አየር መንገድ ሲታመም ወሬው ቶሎ ቤታችን ይገባል። የዩኤስ ኤርዌይስ ዋና መሥሪያ ቤት አርሊንግተን፣ ክሪስታል ሲቲ ነበር። በ2005 አሜሪካ ዌስት ከሚባለው አየር መንገድ ጋር ሲዋሃድ ወደ አሪዞና ሄደ። ከደለስ ኤርፖርት የተነሳው ኢንዲፔንደንስ ኤር ደግሞ በ2004 ክረምት ጀምሮ በጃንዋሪ 2006 ተዘጋ። ሁለት ዓመት እንኳን አልሞላውም።

አሁን የዚህ አገር ልጆቻችን አብራሪ መሆን ይፈልጋሉ። ወላጆች ሲያወሩ የምሰማው ስለ ደመወዙ ነው። ደመወዙ እውነት ጥሩ ነው። ግን ከደመወዙ በፊት ሊታወቅ የሚገባ ነገር አለ፤ እሱም ሲኒዮሪቲ የሚሉት የቅጥር ተራ ነው።

በአሜሪካ ትልልቅ አየር መንገዶች አብራሪው የተቀጠረበት ቀን ሁሉን ይወስናል። የትኛውን አውሮፕላን እንደሚያበር፣ የት ከተማ እንደሚመደብ፣ ገና በዓልን ቤቱ ይዋል አይዋል፣ መቼ ካፒቴን እንደሚሆን፣ ቅነሳ ሲመጣ ማን ቀድሞ እንደሚወጣ፣ ይህ ሁሉ በተራው ነው። ጎበዝ መሆን ተራ አያስቀድምም። ከሁሉ የሚከብደው ግን ተራው የድርጅቱ መሆኑ ነው። ድርጅቱ ሲዘጋ ተራውም አብሮ ይሞታል። ኢስተርን እና ፓን አም የተባሉት አየር መንገዶች በ1991 ሲዘጉ፣ ሃያ ዓመት ያበረረ ካፒቴን ሌላ ቦታ ሄዶ በአዲስ ተቀጣሪ ደመወዝ በረዳት አብራሪነት ጀምሯል።

ድርጅቱ ባይዘጋና ቢዋሃድስ? ያኔ ጥያቄው ሁለቱ ዝርዝሮች እንዴት ይቀላቀሉ የሚለው ይሆናል። የቲደብሊውኤ አብራሪዎች አሜሪካን ኤርላይንስ ውስጥ ሲገቡ ብዙዎቹ ከዝርዝሩ ግርጌ ተለጠፉ። የሴፕቴምበር 11 ጥቃት በዚያው ዓመት መጣና ቅነሳው ከግርጌ ጀመረ። ብዙ ልምድ ያለው ሰው ከሥራ ወጣ፤ ከሱ በኋላ መብረር የጀመረው በሥራው ላይ ቀረ። ኮንግረስ በ2007 አየር መንገዶች ሲዋሃዱ ዝርዝሩ በፍትሐዊ መንገድ ይቀላቀል የሚል ሕግ ያወጣው ይህን የመሰለ በደል ስላየ ነው።

የዩኤስ ኤርዌይስና የአሜሪካ ዌስት ጉዳይ ደግሞ የባሰ ነው። የምሥራቆቹ (የዩኤስ ኤርዌይስ) አብራሪዎች በዕድሜ የገፉ ስለነበሩ «የቅጥር ቀን ይታይ» አሉ። የምዕራቦቹ (የአሜሪካ ዌስት) «በየዝርዝሩ ያለን ቦታ ይታይ» አሉ። ገላጋይ ዳኛ በ2007 ወደ ምዕራቦቹ ሐሳብ አዘንብሎ ወሰነ። ምሥራቆቹ ውሳኔውን አልተቀበሉም፤ የቀድሞ ማኅበራቸውን ጥለው አዲስ አቋቋሙ። በአንድ ድርጅት ስም እየበረሩ ለዓመታት አንድ ኮክፒት ውስጥ አብረው አልተቀመጡም። ድርጅቱ በ2013 ከአሜሪካን ኤርላይንስ ጋር ከተዋሃደ በኋላ እንኳ ዝርዝሩ የተቋጨው በ2016 ነው። ከ2005 እስከ 2016! የአንድ ሰው የሥራ ዘመን ሲሶው ማለት ነው። ዴልታና ኖርዝዌስት በ2008 ሲዋሃዱ ግን ከአብራሪዎቹ ጋር አስቀድመው ስለተስማሙ በወራት ውስጥ ጨረሱት። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በውህደቱ ላይ መጫን አይቻልም።

ጡረታም አለ። ዩናይትድ አየር መንገድ ኪሳራ ላይ ሳለ በ2005 የሠራተኛውን ጡረታ ትቶ ለመንግሥት መድን አስረከበ። መድኑ የሚከፍለው ጣሪያ አለው፤ ጣሪያው ደግሞ ከ65 ዓመት በፊት ለሚወጣ ሰው ዝቅ ይላል። አብራሪ በዚያን ጊዜ በሕግ 60 ሲሞላው ማቆም ነበረበት። በራሱ ፈቃድ ላልወጣበት ዕድሜ ተቀጣ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ወደ አገር ቤት ስንመጣ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ብዙ ጊዜ ያደገው በክፉ ቀን ነው። በደርግ ዘመን ሌላው የሶሻሊስት አገር የሶቪየት አውሮፕላን ሲገዛ እሱ በ1984 ቦይንግ 767 አመጣ። የበርካታ አፍሪካ አገሮች የጋራ አየር መንገድ የነበረው ኤር አፍሪክ በ2002 ሲከስም ምዕራብ አፍሪካ ባዶ ሆነ፤ በ2010 ሎሜ (ቶጎ) ላይ አስካይ የተባለ አየር መንገድ ሲጀምር የኢትዮጵያ አየር መንገድ ባለድርሻ ሆኖ ገባ። በኮቪድ ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት ለአየር መንገዶቹ ደመወዝ ብቻ ከ50 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሰጠ። የኛው አየር መንገድ ግን የመንግሥት ድጎማ ሳይወስድ ከ20 በላይ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ወንበር ነቅሎ ዕቃ ጫነ። አሜሪካኖቹ አዛውንት አብራሪዎቻቸውን ገንዘብ እየሰጡ ቀድመው ሸኙ፤ ዓመት ሳይቆይ አብራሪ አጠረን አሉ።

መጋቢት 2019 የደረሰው የቢሾፍቱ አደጋ የ157 ሰው ሕይወት ወስዷል። ያ ሐዘን ከማንኛውም ኪሳራ በላይ ነው፤ በገንዘብ ቋንቋ አይወራም።

ግን የአገር ቤቱም አብራሪ የራሱ ችግር አለበት። እዚህ አሜሪካ ያለው ልጅ ለሥልጠና ብዙ ጊዜ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ይበደራል፤ ከዚያ 1,500 የበረራ ሰዓት እስኪሞላለት ተማሪ እያስተማረ ይንከራተታል። አዲስ አበባ ያለው ልጅ ድርጅቱ ያሠለጥነዋል፤ በምትኩ የአገልግሎት ግዴታ ይፈርማል። ፍትሐዊ ነው። ሆኖም ግዴታውን ጨርሶ ዙሪያውን ሲያይ ትልቅ አውሮፕላን የሚያበርበት ሌላ በር አገሩ ውስጥ አያገኝም። ያለው ምርጫ መቆየት ወይም ዱባይና ዶሃ መሄድ ነው። ብዙዎች ሄደዋል። አልፈርድባቸውም፤ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ የመጪው ጊዜ ነው። ቢሾፍቱ አቅራቢያ የታቀደው አዲሱ ኤርፖርት በመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ በዓመት 60 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ነው የታሰበው። አውሮፕላን በብድር ይገዛል። ካፒቴን ግን ለመብሰል ብዙ ዓመት ይፈልጋል። ስለዚህ ድርጅቱ ለካፒቴኖቹ ደመወዝና የዕረፍት ፕሮግራም ከባሕረ ሰላጤው አየር መንገዶች ጋር የሚወዳደር ነገር ቢያቀርብ ደስ ይለኛል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ውጭ አገር አሥር ዓመት በርሮ «ልመለስ» የሚል ሰው ቢመጣ፣ ያካበተው ልምድ ተቆጥሮለት ቢገባ እመኛለሁ። አሜሪካ ውስጥ ያ ሰው ከዝርዝሩ ግርጌ ነው የሚጀምረው። እኛ ይህንን የመቅዳት ግዴታ የለብንም።