የክሩዝ ካርድ ነጥብ ለማን ይሠራል?

በተለምዶ ክሩዝ የምንለው የመርከብ ሽርሽር በአሜሪካ ለሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች የበጋ ዕረፍት አንዱ አማራጭ ሆኗል። በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖር ሰው የባልቲሞር ወደብ በመኪና የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ስለሆነ፣ የአውሮፕላን ትኬት ሳይገዛ ከነልጆቹ ወደ ባሃማስ ወይም ወደ ቤርሙዳ መሄድ ይችላል፤ ፍሎሪዳ ላለው ማያሚና ፖርት ካናቬራል፣ ቴክሳስ ላለው ደግሞ ጋልቬስተን አሉለት። ጉዞውን በኢንተርኔት ለመያዝ የተቀመጠ ሰው ግን ክፍሉን መርጦ መክፈያው ላይ ሲደርስ ሌላ ግብዣ ይጠብቀዋል፤ የኩባንያውን ክሬዲት ካርድ አውጥቶ ቢከፍል ይህን ያህል ዶላር እንደሚቀነስለት ይነገረዋል። ይህን አልፎ መርከቡ ላይ የወጣ ሰውም አንዳንድ ጊዜ ጠረጴዛ ዘርግተው የካርድ ማመልከቻ የሚያስሞሉ ሠራተኞች ይገጥሙታል። እኔ እንደማምነው ለአብዛኛው ቤተሰባችን ይህ ካርድ አያስፈልገውም፤ አስቀድሞ ያወጣው ሰው ደግሞ በካርዱ ሲገዛ የሚሰጠውን ነጥብ እያጠራቀመ ከሚያቆየው ይልቅ በቶሎና በትክክለኛው ቦታ ቢጠቀምበት ይሻለዋል።

ለዓመታት የቆየው የእነዚህ ካርዶች መሠረታዊ አሠራር እርስ በርሱ ተቀራራቢ ነው። ሮያል ካሪቢያንና ኖርዌጂያን ከባንክ ኦፍ አሜሪካ ጋር፣ ካርኒቫል ደግሞ ከባርክሌይስ ጋር ሆነው ካርድ ሲያቀርቡ ኖረዋል። ለራሱ ለኩባንያው ለሚከፈለው ለእያንዳንዱ ዶላር ሁለት ነጥብ፣ በኖርዌጂያን ደግሞ ሦስት ነጥብ ሲሰጡ ቆይተዋል፤ ከዚያ ውጭ ለሚገዛው አስቤዛ፣ ለቤንዚኑ፣ ለስልኩና ለኢንሹራንሱ ግን በአብዛኛው በዶላር አንድ ነጥብ ብቻ ነው የሚታሰበው። የአንዱ ነጥብ ዋጋ አንድ ሳንቲም ያህል ነው፤ ማለትም 10,000 ነጥብ መርከቡ ላይ የሚሠራ 100 ዶላር ይሆናል። በመደበኛዎቹ ካርዶች ላይ ዓመታዊ ክፍያ አለመኖሩ ብዙ ሰው «ምን ይጎዳኛል?» ብሎ እንዲፈርም ያደርገዋል።

ጉዳቱ የሚታየው ሒሳቡ ወረቀት ላይ ሲሠራ ነው። አራት ሰዎች ያሉት ቤተሰብ ለአንድ ሳምንት ጉዞ 5,000 ዶላር ከፈለ እንበል። በክሩዙ ካርድ በዶላር ሁለት ነጥብ ቢያገኝ 10,000 ነጥብ፣ በገንዘብ ሲተመን 100 ዶላር ይሆናል። ይኸው ቤተሰብ በሁሉም ግዢ ላይ ሁለት ከመቶ የሚመልስ ካርድ ቢጠቀም፣ ለምሳሌ ዓመታዊ ክፍያ የሌላቸውን የሲቲ ደብል ካሽን ወይም የዌልስ ፋርጎ አክቲቭ ካሽን ቢይዝ፣ የሚያገኘው ያው 100 ዶላር ነው፤ ልዩነቱ ይህኛው የትም ቦታ የሚሠራ ጥሬ ገንዘብ መሆኑ ነው። እንግዲህ ሁለት ነጥብ የሚሰጠው የክሩዝ ካርድ በራሱ ሜዳ፣ በጉዞው ክፍያ ላይ እንኳ አልበለጠም። ዓመቱን ሙሉ በካርድ የሚከፈለው ሌላ ወጪ 20,000 ዶላር ቢሆን ደግሞ የክሩዙ ካርድ መርከብ ላይ ብቻ የሚሠራ 200 ዶላር ሲሰጥ ሌላው 400 ዶላር በእጅ ያስይዛል። ለካርዱ የሚቀርበው የመግቢያ ስጦታ ይህን ልዩነት አንድ ዓመት ሊሸፍነው ይችላል፤ በሁለተኛው ዓመት ግን ስጦታ የለም።

ብዙዎቻችን የኮስትኮ አባል መሆናችንም እዚህ ላይ ሊነሳ ይገባዋል። ኮስትኮ በጉዞ ክፍሉ በኩል ክሩዝ ይሸጣል፤ ለብዙዎቹ ጉዞዎች ከመልስ በኋላ መደብሩ ውስጥ የሚሠራ የስጦታ ካርድ ይሰጣል፣ የኤግዘኪዩቲቭ አባል ለሆነ ሰው ደግሞ ሁለት ከመቶ ይጨምርለታል። የኮስትኮ ቪዛ ካርድ በበኩሉ ለጉዞ ወጪ ሦስት ከመቶ ይመልሳል። እነዚህ ተደራርበው ሲታሰቡ የክሩዝ ኩባንያው ካርድ ከሚሰጠው ብዙ ይበልጣሉ፤ ገንዘቡም የሚውለው ለዘይትና ለሩዝ ነው። ሆኖም የኩባንያው ስም ያለበትን ካርድ ይዞ መሳፈር የተሻለ ደንበኛ የሚያደርግ የሚመስለው ሰው አሁንም ጥቂት አይደለም።

ለእኛ ማኅበረሰብ ግን ዋናው ክርክር ከዚህም አልፎ ይሄዳል። የአብዛኛው ቤተሰብ ትልቁ የጉዞ ወጪ የአዲስ አበባ ትኬት ነው፤ እናት ለመጠየቅ፣ ለሠርግ፣ አንዳንዴም ለለቅሶ በድንገት የሚቆረጥ ትኬት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2011 ጀምሮ ስታር አሊያንስ የተባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባል ስለሆነ፣ የሌሎቹን አባላት የዩናይትድን፣ የኤር ካናዳን ወይም የአቪያንካን ማይል (የአየር መንገድ ነጥብ) ያጠራቀመ ሰው በዚያ ማይል ከዋሽንግተን ዱለስ አዲስ አበባ በሚበረው የራሳችን አየር መንገድ ላይ ወንበር መያዝ ይችላል። የቼዝ ሳፋየር ፕሪፈርድ ነጥብ ወደ ዩናይትድና ወደ ኤር ካናዳ፣ የካፒታል ዋን ቬንቸር ማይል ደግሞ ወደ ኤር ካናዳና ወደ አቪያንካ አንድ ለአንድ ይዛወራል። የሁለቱም ካርዶች ዓመታዊ ክፍያ 95 ዶላር ነው። ቬንቸር በማንኛውም ግዢ ላይ በዶላር ሁለት ማይል የሚሰጥ ሲሆን፣ ያው ማይል የክሩዝ ክፍያን ከወሩ የካርድ ሒሳብ (ስቴትመንት) ላይ በአንድ ሳንቲም ሒሳብ ለመሰረዝም ይውላል። ይህ ማለት አንዱ ክምችት ዘንድሮ ለመርከቡ፣ በሚቀጥለው ዓመት ለአዲስ አበባ ሊሆን ይችላል፤ የክሩዝ ኩባንያው ነጥብ ግን ለእናት ጥየቃ የሚያደርስ መንገድ የለውም።

የዋጋውን ልዩነት ለማየት ያህል፣ በበዓል ሰሞን የደርሶ መልስ ትኬት በጥሬው 1,600 ዶላር ቢጠየቅበትና በማይል ደግሞ 80,000 ማይልና 100 ዶላር ታክስ ቢያስከፍል፣ የቀረው 1,500 ዶላር ለ80,000 ሲካፈል አንዱ ማይል ሁለት ሳንቲም ገደማ አወጣ ማለት ነው። ትኬቱ በወጣ ቁጥር ሒሳቡን እንዲህ እየሠሩ ማወዳደር ነው። በእርግጥ ችግር አያጣውም፤ ለገናና ለክረምት በማይል የሚሰጠው ወንበር ጥቂት ነው፣ የጉዞ ቀኑን መለዋወጥ የሚችል ሰው ብቻ በቀላሉ ያገኛል። አንድ ጊዜ ወደ አየር መንገዱ የተዛወረ ነጥብም ወደ ባንኩ አይመለስም፤ ስለዚህ ወንበሩ መኖሩን በዓይን ሳያዩ ማዛወር አይገባም።

የክሩዝ ኩባንያዎቹ ለምን ይህን ያህል ካርዱን እንደሚገፉ ግልጽ ነው። የመርከብ ጉዞ ትርፍ ከትኬቱ ብቻ አይመጣም፤ ከመጠጡ፣ ከኢንተርኔቱ፣ ከቁማር ቤቱ፣ ከፎቶው፣ ወደብ ላይ ከሚሸጠው ጉብኝትም ይመጣል። በነጥብ የተገኘ 100 ዶላር መርከቡ ላይ ሲጠፋ ኩባንያው የሚያወጣው የዕቃውን ወይም የአገልግሎቱን ወጪ ነው እንጂ መቶውን ዶላር አይደለም። ከዚህም በላይ ነጥብ ያለው ሰው ለቀጣዩ ዓመት ሌላ ኩባንያ በርካሽ ቢያገኝ እንኳ «ነጥቤ ይቀርብኛል» ብሎ ወደ ቀድሞው ይመለሳል፤ ሁለት መቶ ዶላር ለማትረፍ አራት መቶ ዶላር የሚጨምርበት ጊዜ አለ።

ደንቡንም በፈለጉ ጊዜ የሚቀይሩት እነሱ ናቸው። ካርኒቫል እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 በተጓዘባቸው ቀናት ብዛት ደንበኛውን ይመዝን የነበረውን የቆየ ፕሮግራሙን ትቶ በ2026 የሚወጣውን ገንዘብ ወደሚቆጥር አዲስ ሥርዓት እንደሚሸጋገር አስታውቋል፤ በኩባንያው ካርድ የሚደረግ የዕለት ተዕለት ግዢም ለደንበኛው ማዕረግ እንደሚታሰብ ተነግሯል። ለዓመታት በመርከቡ ላይ ያደሩ ታማኝ ደንበኞች ቅር መሰኘታቸው አያስገርምም። የአሜሪካ የሸማቾች የገንዘብ ጥበቃ ቢሮም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ሰዎች አስቀድመው ያገኙትን ነጥብ ዋጋ ማሳነስ ሕግ መጣስ ሊሆን እንደሚችል ለካርድ አቅራቢዎች አሳስቦ ነበር። ነጥብ ወለድ አይወልድም፤ የመርከቡ ዋጋ በየዓመቱ ሲጨምር ነጥቡ እዚያው በአንድ ሳንቲሙ ላይ ይቆማል። ለወደፊት ትልቅ ጉዞ ብሎ ማከማቸትን የማልደግፈው ለዚህ ነው።

ካርዱ ያላቸውና ነጥብ ያጠራቀሙ ሰዎች ታዲያ ምን ያድርጉ? ከሁሉ የሚሻለው ነጥቡን ወደ መርከብ ላይ ክሬዲት፣ ማለትም መርከቡ ላይ ብቻ ወደሚከፈልበት ገንዘብ መቀየርና በማንኛውም ሁኔታ መክፈላቸው የማይቀረውን ወጪ በእሱ መሸፈን ነው። ከእነዚህ ወጪዎች ትልቁ ለሠራተኞች በየቀኑ የሚታሰበው ቲፕ ነው። ሮያል ካሪቢያን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ለመደበኛ ክፍል በሰው በቀን 18 ዶላር አድርጎት ነበር፤ በዚያ ሒሳብ አራት ሰዎች በሰባት ቀን 504 ዶላር ይከፍሉ ነበር። ብዙ ሰው ትኬቱን ሲቆርጥ ቲፑን አብሮ ይከፍልና ክሬዲቱን ይዞ መርከቡ ላይ ሲደርስ የሚከፍልበት ነገር ያጣል፤ ከዚያ ክሬዲቱ እንዳይባክን ብሎ የማያስፈልገውን ሰዓትና ሽቶ ይገዛል። ነጥብ ያለው ሰው ቲፑን አስቀድሞ ባይከፍል በየቀኑ ከክፍሉ ሒሳብ ላይ ሲታሰብ ክሬዲቱ ይሸፍንለታል። እንዲህ ያለው ክሬዲት በአብዛኛው በጥሬ ገንዘብ የማይመለስና በጉዞው መጨረሻ ቀሪው የሚቃጠል ስለሆነ፣ ከመውረጃው በፊት ባለው ምሽት የክፍሉን ሒሳብ በቴሌቪዥኑ ወይም በስልኩ መተግበሪያ ላይ ማየት ያስፈልጋል። መቀየሩንም ለጉዞው ዋዜማ መተው አይገባም፤ ካርዱ የሚጠይቀውን ጊዜ አስቀድሞ ማረጋገጥ ይሻላል።

ነጥብን በዕቃ፣ በሻንጣና በጆሮ ማዳመጫ መለወጥ ብዙውን ጊዜ አንዱን ነጥብ ከአንድ ሳንቲም በታች ያወርደዋል። በነጥብ ልዩ ምግብ ቤት መያዝም ለሁሉም አይሆንም፤ በፍልሰታ ወይም በሌላ ጾም ወቅት የሚሳፈር ቤተሰብ የስቴክ ቤቱን ራት በነጥብ ገዝቶ ድንችና ሰላጣ መብላቱ ምንም ትርጉም የለውም። ዋናው መመገቢያ አዳራሽ አስቀድሞ ቢነገረው የጾሙን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያቀርባል።

ይህ ሁሉ ሒሳብ የሚሠራው ግን ቢሉ በወሩ ሙሉ በሙሉ ለሚከፍል ሰው ብቻ ነው። በአሜሪካ ወለድ የሚታሰብባቸው ክሬዲት ካርዶች አማካይ ወለድ በቅርብ ዓመታት ከሃያ ከመቶ በላይ ሆኖ ቆይቷል። ያንን 5,000 ዶላር በ21 ከመቶ ወለድ ያሳደረ ቤተሰብ በአንድ ወር ብቻ 87 ዶላር ገደማ ወለድ ይመጣበታል፤ ከጉዞው ያገኘው የ100 ዶላር ነጥብ በሁለተኛው ወር አለቀ ማለት ነው። እቁብ ያለው ሰው ጉዞውን ዕጣው ከሚደርሰው ወር ጋር ቢያስማማ፣ ወይም ቀሪው ክፍያ የሚጠየቅበትን ቀን አይቶ ዕጣውን ቢቀያየር፣ ቢሉን በአንዴ ዘግቶ ነጥቡንም ሳይከፍልበት ያስቀራል። የእቁብ ገንዘብ ለክሩዝ ሲውል የሚስቁ ሽማግሌዎች ይኖራሉ፤ በ21 ከመቶ ወለድ ከመሄድ ግን ይሻላል።

ካርዱ የሚመቸው ሰው የለም አልልም። በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ በአንድ ኩባንያ መርከብ ብቻ የሚሄድ፣ ጡረታ የወጣ፣ ከልጆች ትምህርት ቤት ጋር ያልታሰረ ሰው ሊጠቀምበት ይችላል፤ ለእሱም ቢሆን ካርዱ የኩባንያውን ክፍያ ብቻ ቢሠራበትና ለቀሪው ሕይወቱ ሌላ ካርድ ቢይዝ ይሻለዋል። የክፍያው ካርድ ሲመረጥ የጉዞ ዋስትናውም ከነጥቡ በፊት ይታይ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 26 ቀን 2024 የባልቲሞሩ ድልድይ ሲወድቅና ወደቡ ሲዘጋ የካርኒቫል መርከብ ተሳፋሪዎቹን ኖርፎክ አውርዶ በአውቶቡስ ወደ ባልቲሞር ለመመለስ ተገዷል። ቼዝ ሳፋየር ፕሪፈርድን የመሰሉ ካርዶች በውላቸው በተዘረዘሩ ምክንያቶች፣ ለምሳሌ በሕመም ወይም በቅርብ ዘመድ ሞት፣ ለተሰረዘ ጉዞ በሰው እስከ 10,000 ዶላር የሚደርስ ሽፋን ይሰጣሉ። በእኛ ቤት ከአገር ቤት የሚመጣ የሌሊት ስልክ ጉዞ ሲያሰርዝ ብርቅ አይደለምና፣ ይህ ሽፋን ከጥቂት ሺህ ነጥብ ይበልጣል።

ካርዱን ለመተው የወሰነ ሰው ባንኩ ጋር ደውሎ ከመዝጋቱ በፊት የቀረውን ነጥብ ወደ ክሬዲት ይቀይር፤ ሒሳቡ ሲዘጋ ነጥቡ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ዓመታዊ ክፍያ ከሌለበት ደግሞ መዝጋቱ ግድ አይደለም፤ ያረጀ ካርድ ለክሬዲት ታሪክ ስለሚጠቅም፣ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ትንሽ ነገር ገዝቶበት ወዲያው እየከፈሉ መሳቢያ ውስጥ ማኖር ይቻላል።