ሌባ ጣት አውራ ሲሾም

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ አውራ ጣት ሳይኖራቸው ለሚወለዱ ሕፃናት ሌባ ጣታቸውን አውራ ጣት ስለሚያደርገው ቀዶ ሕክምና ጨዋታ ተነሳ። የተጋበዘው ሰውዬ ሐኪም አይደለም፤ ፍርድ ግን ሰጠ። «ጤነኛ ጣት ቆርጦ ሌላ ቦታ መለጠፍ ቅንጦት ነው፣ ለመልክ ነው። ልጁ በአራት ጣቱ ይልመደው» አለ። አዘጋጁ «እውነት ነው» ብሎ ወደ ማስታወቂያ አለፈ።

እኔ አላልፍም።

«ቆርጦ» ከሚለው ልጀምር። ሌባ ጣቱ ተቆርጦ የትም አይሄድም። ደም ስሩና ነርቩ እንደተያያዘ፣ መዳፍ ውስጥ ያለው አጥንቱ ያጥርና ጣቱ ወደ ታች ወርዶ፣ ዞሮ ከሌሎቹ ጋር ፊት ለፊት ይገጥማል። ልጁ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሲገባ አራት ጣት ነበረው፤ ሲወጣም አራት ነው። ታዲያ ምኑ ጎደለ? ሌባው አውራ ተሾመ፣ አለቀ። እንዲህ በቦታው የዋለ ሹመት ካየሁ ቆይቻለሁ።

«ለመልክ» የሚለው ግን ደሜን አፈላው። እስቲ ሰውዬው ምሳ ሲቀርብለት አውራ ጣቱን መዳፉ ላይ በፕላስተር ያጣብቅና እንጀራ ይቁረስ። እኔ ሞክሬዋለሁ። ሲጋራ እንደያዘ ሰው በሁለት ጣቶቼ መሀል ቆንጥጬ ስጎትት ሽሮው እጅጌዬ ላይ ደረሰ። የሸሚዝ ቁልፍማ አይነሳ። ሲኒ ላንሳ ብዬ ቡናውን ደፋሁት። ሲሰለቸኝ ፕላስተሩን ላጥኩት። ሕፃኑስ ምኑን ይልጣል? እሱ እንደዚያው በጣቶቹ መሀል እየቆነጠጠ ያድጋል። የሚገርመው፣ ብዙ ጊዜ ሌባ ጣቱ ራሱ ቀስ በቀስ ከመሀል ጣቱ እየራቀ መዞር ይጀምራል። ሹመቱን ራሱ እየጠየቀ ነው እኮ! ሐኪሙ የተጀመረውን ነው የሚጨርሰው።

ቅንጦት? በምዕራብ ጀርመን ነፍሰ ጡሮች ለማቅለሽለሽ ጭምር ይወስዱት የነበረው ታሊዶማይድ የተባለ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1961 ከገበያ እስኪወጣ ድረስ በእሱ ሳቢያ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት እጅና እግራቸው ጎድሎ ተወልደዋል። አውራ ጣት ካልነበራቸው መካከል ብዙዎቹን ሀምቡርግ ውስጥ በዚሁ መንገድ ያከመው የእጅ ቀዶ ሐኪሙ ዲተር ቡክ ግራምኮ ነው። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1971 አሳተመ፤ የእጅ ቀዶ ሐኪሞች እስከ ዛሬ የሚነሱት ከእሱ ነው። እስቲ ለእነዚያ እናቶች «ይልመደው» በላቸው!

አዎ፣ አዲሱ አውራ ጣት የተፈጥሮውን ያህል ጉልበት የለውም። አውራ ጣቱን ማሽን የበላበት ጎልማሳም ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ለእሱ የእግር ጣት ወደ እጅ ማዛወርም ይታሰባል። ከዚህ በላይ አልቀበልም። መልመድ ከሆነ፣ ቀዶ ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ሳይሞላ የሚሠራው ልጁ አዲሱን አውራ ጣቱን ከሕፃንነቱ እንዲለምደው ነው።

ያን ፕሮግራም እንዲህ ያለ ልጅ ታቅፋ የሰማች እናት ትኖራለች። የተጻፈላትን ሪፈር አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከቀበረችው፣ አዘጋጁ ከማስታወቂያ ሲመለስ ያስወጣላታል? ሰውዬው ድጋሚ ሲጋበዝ ይነገረኝ፤ ፕላስተሩን እኔ ይዤ እመጣለሁ፣ እንጀራውን እነሱ ያቅርቡ።