ከራስ በላይ ቅማል

ሰው ስለ ደም ግፊቱ፣ ስለ ስኳሩና ስለ ጨጓራው ለማያውቀው ሰው ወረፋ ላይ ቆሞ ያወራል። ኪንታሮቱን ሳይቀር በዝርዝር የሚተርክ አለ። ቀዶ ጥገና የተደረገለትማ ሸሚዙን ገልጦ ጠባሳውን ካላሳየ አይለቅም። «ልጄ ቅማል አፍልታለች» ብሎ በሰው ፊት የተናገረ ወላጅ ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ቅማል ምንጊዜም የሚገኘው ሌላ ቤት ነው። የጎረቤት ልጅ ላይ ታየ ይባላል፣ ድሮ ነበረ ይባላል፣ ውሃ የማይነካቸው ሰዎች ዘንድ አለ ይባላል። እኛ ቤት? ስሙን ቄስ ይጥራው!

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነውና፣ ነገሩ የሚወጣው እንግዳ በተሰበሰበበት ቀን ነው። ልጅቷ ማጅራቷን ትፎክታለች። «ተይ እንጂ!» ትላለች እናት ጥርሷን ነክሳ። «ይበላኛል እኮ!» ትላለች ልጅ፣ ጎረቤት እስኪሰማ። እናት ወደ እንግዶቹ ዞር ብላ ማንም ሳይጠይቃት፦ «አዲሱ ሻምፖ አልተስማማትም።» እንግዶቹም «አይ የዘንድሮ ሻምፖ!» ብለው ያጅቧታል፤ ከዚያ አንድ በአንድ የየራሳቸውን ጭንቅላት ማከክ ይጀምራሉ። ይህን የሚያነቡት እርስዎም እጅዎ ወዴት እየሄደ እንደሆነ አውቃለሁ። አይጨነቁ፣ ምንም የለብዎትም። ምናልባት።

ሻምፖው በከንቱ ታማ። የሚያሳክከው ቅማል ደም ሲመጥ የሚተወው ምራቅ ነው፤ ቆዳ ደግሞ ይህን ምራቅ ለመጥላት ጊዜ ይወስድበታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ቅማል የያዘው ሰው እስኪያሳክከው ድረስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊያልፍ ይችላል። እንስቷ ቅማል በቀን እስከ 8 እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ በሳምንት ገደማ ይፈለፈላል፣ የተፈለፈለውም በሌላ ሳምንት ተኩል ውስጥ አድጎ በተራው እንቁላል ወደ መጣሉ ይሻገራል። እናት «ሻምፖው ነው» ባለችበት ምሽት እንግዲህ እዚያ ጭንቅላት ላይ የልጅ ልጅ ተወልዷል ማለት ነው።

እንግዶቹ ሲሸኙ ችሎቱ ይሰየማል። አጀንዳው «እንዴት እናጥፋው?» ሳይሆን «ከማን መጣ?» ነው። ቤት ውስጥ የምታግዝ ሴት ካለች ያለ ምስክር ቀድማ ትከሰሳለች። ቀጥሎ ባለፈው ሳምንት አድረው የሄዱት የአጎት ልጆች ይነሳሉ፤ በአባት ወገን ከሆኑ እናት ትከሳለች፣ በእናት ወገን ከሆኑ አባት ይከሳል። በመጨረሻ የክፍል ጓደኛዋ ላይ ይፈረዳል፤ ምክንያቱም ያቺ ልጅ ጫማዋ አይጸዳም። ቅማልና ጫማ ምን እንዳገናኛቸው የሚጠይቅ ዳኛ የለም።

ቅማሉ ቢጠየቅ ኖሮ መልሱ አጭር ነበር። ክንፍ የለውም፣ አይዘልም፤ ያለው በጥፍሩ ጠጉር ጨብጦ መሄድ ብቻ ነው። ከአንዱ ራስ ወደ ሌላው የሚሻገረው በአብዛኛው ሁለት ራሶች ሲነካኩ ነው። ሁለት ልጆች አንድ ስልክ ላይ ሲያፈጡ፣ ተቃቅፈው ፎቶ ሲነሱ፣ ምስጢር ሲንሾካሾኩ ቅማል መንገድ አገኘ። ስለዚህ ልጅዎ ቅማል ከያዘች ቢያንስ አንድ ነገር ተረጋግጧል፦ ጓደኛ አላት። የንጽሕናውንም ነገር ይተዉት። ቅማል የሚበላው ደም ነው፤ ጠዋት የታጠበ ራስ ደምና ሳምንት ያልታጠበ ራስ ደም ለእሱ አንድ ነው።

ይህን ሁሉ ስም ያተረፈለት ዘመዱ ነው። ልብስ ስፌት ውስጥ የሚኖረው የገላ ቅማል የሚፈላው ልብስ መቀየርና ማጠብ ያልቻለ ሰው ላይ ነው፤ በሽታም ያስተላልፋል። ታይፈስን የሚያዛምተው እሱ መሆኑን ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ኒኮል እ.ኤ.አ. በ1909 ደርሶበት በ1928 የኖቤል ሽልማት ተሸልሞበታል። የራስ ቅማል ግን በሽታ ሲያዛምት አልተገኘም። እንቅልፍ ይነሳል፣ በማከክ ብዛት ቆዳ ሊቆስል ይችላል፤ ከዚያ ያለፈው በዘመድ ኃጢአት የተሸከመው ነው። በዘመድ መታማት ምን እንደሚመስል የማያውቅ ካለ ይነሳና ይውገረው።

የድሃ ነው ለሚሉትም አንድ ማስረጃ አለኝ። በመጽሐፍ ቅዱስ ለኪሶ በምትባለው የጥንት ከተማ ፍርስራሽ ውስጥ ከዝሆን ጥርስ የተሠራች ትንሽ ማበጠሪያ ተገኝታለች። ዝሆን በአካባቢው ስላልነበረ ዕቃዋ ከሩቅ የመጣች የባለጸጋ ዕቃ ነች። ላይዋ ላይ የተጫረው ጽሑፍ በ2022 (እ.ኤ.አ.) ይፋ ሲሆን፣ በከነዓናውያን ፊደል ከተጻፉት ሙሉ ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ የቀደመው ሆኖ ተገኘ፤ አጥኚዎቹ ዕድሜውን ወደ 3,700 ዓመት ገምተውታል። ታዲያ የሰው ልጅ ፊደል አገኘሁ ብሎ ምን ጻፈ? የንጉሥ ውዳሴ? የጦርነት ዜና? «ይህ ጥርስ የጠጉርንና የጢምን ቅማል ይንቀል» ነው የሚለው። ያ ጌታ ቅማሉን በዝሆን ጥርስ ላይ አስቀርጾ ሲጠቀም እኛ ለፋርማሲስት ለመናገር ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን፦ «ለ... ለጎረቤቴ ልጅ ነበር።»

ወሬው ከቤተሰብ አፈትልኮ ሲወጣ ደግሞ መካሪው ይጎርፋል። አንደኛዋ አክስት ኮምጣጤ ትላለች፣ ሁለተኛዋ ማዮኔዝ ቀብታችሁ በፌስታል ጠቅልላችሁ አሳድሯት ትላለች። ቅማል ውሃ ውስጥ ሳይቀር ለሰዓታት መተንፈሻውን ዘግቶ መቆየት የሚችል ፍጥረት ነው፤ ማዮኔዙ ይገድለዋል የሚል በቂ ማስረጃ የለም፣ ፌስታል ግን የተኛች ሕፃን ሊያፍን ይችላል። ከሁሉ የሚያስፈራው ጢሙን እየዳበሰ የሚመጣው አጎት ነው፦ «እኛ በላምባ ነበር የምንገላገለው!» ላምባ ቆዳ ያቃጥላል፣ ይመርዛል፣ እሳት ካገኘ ከቅማሉ ጋር ልጅቷንም ይፈጃል። ለከብት ወይም ለአትክልት የተሠራ መድኃኒትም እንደዚያው። መላጨት በእርግጥ ይሠራል፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅን አሳምኖ መላጨት የሚችል ወላጅ ግን ቅማል ከማጥፋት ለሚበልጥ ሥራ መታጨት ነበረበት።

ከዚያ የጽዳት ዘመቻው አለ። ፍራሽ ይወጣል፣ መጋረጃ ይወርዳል፣ ሶፋው ፀረ ተባይ ይረጭበታል፣ ባለፈው ዓመት የተሰቀለ ካፖርት ሳይቀር ይቀቀላል። ልጅቷ ጥግ ላይ ተቀምጣ እያከከች ትመለከታለች፤ ማንም እስካሁን ጭንቅላቷን አልነካም። ሶፋው ግን ታክሞ ድኗል። ቅማል ከሰው ራስ ከወረደ ደም ስለማያገኝ በአንድ በሁለት ቀን ውስጥ ይሞታል፤ ሶፋ ላይ ቤት ሊሠራ አይችልም። መታጠብ ያለበት ባለፉት ሁለት ቀናት ራስ የነካው ብቻ ነው፦ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ ኮፍያ፣ ሻሽ። ውሃው 54 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ይሁን። ማበጠሪያና ብሩሽ በዚያው ውሃ ለ5 ወይም ለ10 ደቂቃ ይዘፈዘፋል። መታጠብ የማይችለው አሻንጉሊት በፌስታል ታስሮ ሁለት ሳምንት ይታገድ። የሚረጨውን መርዝ ግን ወደ መደርደሪያው መልሱት፤ የሚተነፍሰው ቅማሉ ሳይሆን እናንተ ናችሁ።

ዋናው ሥራ አሰልቺ ስለሆነ ነው የሚሸሸው። ወንበር፣ ጥሩ ብርሃን፣ ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለ የቅማል ማበጠሪያና የማያልቅ ትዕግሥት ይፈልጋል። ጠጉሩ ይታጠባል፣ ኮንዲሽነር በብዛት ይቀባል፣ መጀመሪያ በሰፊው ማበጠሪያ ይፍታታል። ቀጥሎ ጠጉሩ በትንሽ በትንሹ እየተከፈለ ጥቅጥቁ ማበጠሪያ ከራስ ቆዳ ተነስቶ እስከ ጫፍ ይሳባል፤ በየስቡ ነጭ ሶፍት ላይ ይጠረጋል። ጉዱ ያኔ ይታያል፦ የሰሊጥ ፍሬ የሚያህል፣ ስድስት እግር ያለው፣ ሶፍቱ ላይ ግራ ተጋብቶ የሚሄድ። ከጆሮ ጀርባና ማጅራት ላይ በተለይ አይቸኮልም። ጠጉር የተጠቀለለና ችምችም ያለ ከሆነ ልጅቷ እያየች የምትቀመጥበት አንድ ፊልም አይበቃም፤ ሁለት ያዘጋጁ። ይህ በየ3 ወይም 4 ቀኑ፣ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ይደገማል፤ የሚያቆመው ድካም ሳይሆን ባዶ ሶፍት ነው።

ቅጫሙ ለብቻው ፈተና ነው። እንስቷ እንቁላሏን ጠጉሩ ላይ የምታጣብቅበት ሙጫ በማጠብ አይለቅም። ፎሮፎር ሲነካ ይረግፋል፣ ቅጫም ሙጭጭ ይላል፤ በጥፍር ወይም በማበጠሪያ ካልተሳበ አይወርድም። ከራስ ቆዳ በ6 ሚሊ ሜትር ውስጥ ያለው ገና ሊፈለፈል ይችላል። ከዚያ ርቆ የሚታየው ብዙውን ጊዜ የተፈለፈለ ባዶ ቅርፊት ነው፤ ጠጉሩ እያደገ ይዞት ወጣ እንጂ አይወልድም።

መድኃኒት የመረጠም አለ። ፐርሜትሪን የተባለው የቅማል መድኃኒት፣ አንድ በመቶው፣ ሕያዉን ቅማል ይገድላል፣ ቅጫሙን ግን አይጨርስም። «ሞቱ!» ተብሎ በደስታ የተጣለው ጠርሙስ ከሳምንት በኋላ የሚታወሰው ለዚህ ነው። በዘጠነኛው ቀን ገደማ፣ አዲሶቹ ተፈልፍለው እንቁላል ሳይጥሉ፣ ይደገማል። በብዙ ቦታ ቅማሉ መድኃኒቱን ተላምዷል፤ ያኔ ቅማሉን ሸፍኖ የሚገድለውን ዳይሜቲኮን ወይም ሌላ ምርጫ ፋርማሲስቱን መጠየቅ ነው። ጨቅላና ነፍሰ ጡር ያሉበት ቤት መጀመሪያ ሐኪም ያማክራል።

ደግሞ የቤቱ ሰው ሁሉ ይፈተሽ። እዚህ ላይ አባት ይጠፋል። «እኔ ላይ ምኑን ይይዛል?» ይላል በራው ላይ እጁን እያሳለፈ፤ ከጆሮው በላይ የቀረችው ጠጉር ግን ለአንድ ቤተሰብ አታንስም።

የመጨረሻው ሥራ ስልክ መደወል ነው፤ ከሁሉ የሚከብደውም እሱ ነው። ልጅቷ ከትምህርት መቅረት አያስፈልጋትም፤ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም ጤነኛ ልጅ በቅማል ወይም በቅጫም ምክንያት ከትምህርት መታገድ የለበትም ይላል። ጓደኞቿ ግን ካልታዩ የተለቀመው ሁሉ በሳምንቱ ይመለሳል። እናት ሁለት ጊዜ ደውላ ሳይነሳ ዘጋችው፤ በሦስተኛው ባለ ጫማዋ ልጅ እናት አነሳች።

«እንዴት ነሽ እህቴ? ሰላም ነው? ልጆቹስ? አይ፣ እንዲያው... ክፍላቸው ውስጥ አንድ ነገር አለ እየተባለ ነው።»

«ምን ነገር?»

«እንጃ... ራስ ላይ የሚወጣ።»

«ቅማል ነው?»

«እንደዚያ ነው መሰለኝ የሚሉት።»

«ውይ፣ እኛ እኮ ባለፈው ወር ነው የጨረስነው! ወገቤ እስኪቆረጥ ሳበጥር ከረምኩ። ደውዬ ልነግርሽ አስቤ ምን ትለኛለች ብዬ ነው የተውኩት።»

«ማበጠሪያው ፕላስቲኩ ነው ብረቱ?»

«ብረቱ ይሻላል። ነገ በልጅቷ እልክልሻለሁ። አጎታቸውን ብቻ እንዳትሰሚ።»