65 ዋት ለፓይ 5 ይተርፋል?

ወንድሜ፣ «ባለ 65 ዋት የላፕቶፕ ቻርጀር ካለህ ለራስቤሪ ፓይ 5 ይተርፋል» ያልከውን ብዙ ሰው ያምነዋል፤ ግን ልክ አይደለም። ፓይ 5 (በአንድ ቦርድ ላይ የተሠራ ትንሽ ኮምፒውተር ነው) የሚሠራው በ5 ቮልት ነው፤ በዚያም እስከ 5 አምፒር ይፈልጋል። የላፕቶፕ ቻርጀር 65 ዋቱን የሚሰጠው በ20 ቮልት ነው። በ5 ቮልት ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ከ3 አምፒር አያልፍም። ያው 15 ዋት ሆነ ማለት ነው!

ቦርዱ አይቃጠልም፤ ይነሳል። ግን ለዩኤስቢ መሰኪያዎቹ በድምሩ 600 ሚሊአምፒር ብቻ ይለቃል። ባለ 5 አምፒር ቻርጀር ቢሆን 1.6 አምፒር ይሰጥ ነበር። ስለዚህ ሃርድ ዲስክ ሰክተህ ጠፋ መጣ ሲልብህ ቦርዱን አትርገም። ፓይ 4 ከሆነ 3 አምፒር ይበቃዋል። ለፓይ 5 ግን የራሱን ባለ 27 ዋት ቻርጀር ግዛለት።