ድጋፍ ድክመት ከሆነ ኬብሎቹን እንቁረጣቸዋ!

ሰሞኑን ጣና ዳር፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ፣ ምህንድስና ጀምረው ስለሚያቋርጡ ተማሪዎች ሲመከር ነበርኩ። አንድ አንጋፋ መምህር ተነሱና ምህንድስና ወንፊት ነው፣ የማይችል ይቀራል አሉ። ተጨበጨበላቸው። እኔ ንዴቴ እስካሁን አልበረደም።

ማንን ነው የሚነፉት? በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በሪሚዲያል፣ ማለትም የማለፊያ ነጥብ ላላመጡት በሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት፣ የገቡትም ሌላ ፈተና አልፈው ነው የመጡት። ይህን ሁሉ ያለፈ ልጅ ግቢ ሲገባ እንዴት ድንገት ገለባ ይሆናል? ደግሞም እናቶቻችን ወንፊት ላይ የቀረውን አይደፉትም። መልሰው ያስፈጩታል።

ሌላው ተናጋሪ ባሰ። አዲሱን የባሕር ዳር የዓባይ ድልድይ ጠቅሶ፣ በቱቶሪያል (በማጠናከሪያ ትምህርት) እየተደገፈ ያለፈ ልጅ እንዲህ ያለውን ሊሠራ ነው ወይ አለ። ወንድሜ፣ ያ 380 ሜትር ድልድይ ራሱ በኬብል ተደግፎ እኮ ነው የቆመው! ኮንክሪቱ ሰነፍ ስለሆነ ነው?

እስቲ ክፍል እንግባ። ከአፋር ወይም ከሲዳማ የመጣች ልጅ አለች እንበል። አማርኛ ገና እየለመደች ነው። ስላይዱ እንግሊዝኛ፣ ፈተናውም እንግሊዝኛ። ያቺ «አሃ፣ ገባኝ» የምታሰኘው ማብራሪያ ግን በአማርኛ ናት። ቀልዱም በአማርኛ። ክፍሉ ይስቃል፣ እሷ አጠገቧ ያለችውን ታያለች። (እኔም በጊዜዬ ከሳቂዎቹ አንዱ ነበርኩ።) ምን ተጠንቶ ምን እንደሚተው፣ የአምናው ፈተና ማን ጋ እንዳለ፣ ዶርም ለዶርም የሚዞረው ወሬ ሁሉ በአማርኛ ነው። ወርክሾፕ ስትገባ ማሽኑን ወንዶቹ ይይዛሉ፣ ሪፖርቱን እሷ ትጽፋለች። ከዚያ አፕላይድ የሚባለው ሒሳብ ይወድቅባታል። ስታቲክስ ይከተላል። የውጤት ማስጠንቀቂያው፣ ዋርኒንግ፣ ይመጣል። አልቻለችም ይባላል። አዎ፣ ያልነገሯትን ማወቅ አልቻለችም!

ሰነፍ ተማሪ አለ፣ እሺ። ደረጃ ይወርዳል ለሚሉ ግን ከመመረቅ በፊት የሚሰጠው የመውጫ ፈተና እዚያው አለ። ለሁሉም አንድ ነው።

ቱቶሪያሉ ልጆቹ ሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) ወድቀው ካለቀሱ በኋላ ሳይሆን በመጀመሪያው ሳምንት ይጀመር። በአማርኛ የተብራራው በእንግሊዝኛ ይደገም። በጀት የለም ብቻ እንዳትሉኝ። የዚያን ቀን ምሳ ላይ ዓሣው ሦስት ዓይነት ነበር።