ለካላንደር ሰቃዮች እጅ ነስተናል

አንዳንዱ ሰው ሥራውን መልክ ለማስያዝ ቁጭ ብሎ ያስባል። ምስኪን! ብልሆቹ ሚስማር ይመቱና ካላንደር ይሰቅላሉ። አለቀ። ከዚያ ወዲያ የተደራጁ ሰዎች መሆናቸውን ግድግዳው ይመሰክርላቸዋል።

የአመራረጥ ጥበባቸው ደግሞ ይለያል። ካላንደር የሚመረጠው በፎቶው ነው። ፏፏቴ፣ የሚጋልቡ ፈረሶች፣ ወይም የሰጪው ድርጅት ኃላፊ ከነክራቫታቸው። ቀኖቹስ? ከታች የሆነ ቦታ አሉ። ዓመቱን ሙሉ በአንድ ኤ3 ወረቀት ላይ ያጨቀውን እንውሰድ። ወረቀቱ 29.7 በ42 ሳንቲ ሜትር ነው። ግማሹን ፏፏቴው ከወሰደ ለአንድ ቀን የሚደርሰው ሁለት ካሬ ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። እዚያ ላይ "ሐኪም ቤት፣ 3፡30" ብሎ መጻፍ የሚችል እጁ ይባረክ። የእኛዎቹ ግን አይሞክሩትም፤ ለቀጠሮ ተብሎ ፏፏቴ አይበላሽም። (ለየወሩ አንድ ገጽ፣ ለየቀኑ ሰፋ ያለ ባዶ ሳጥን ያለውን የሚመርጡም አሉ። ውበት የት ያውቃሉ፣ መጻፍ ብቻ!)

አሰቃቀሉም የራሱ ጥበብ አለው። ወይ በሩ ሲከፈት የሚሸፈን ቦታ፣ ወይ እጅ የማይደርስበት ከፍታ። እስክሪብቶ አጠገቡ አይቀመጥም። ማን ያውቃል፣ አንዱ ተሳስቶ ይጽፍበት ይሆናል።

ቤቱ የባልና ሚስት ከሆነ ካላንደሩ ሁለት ሦስት ይሆናል። የእሷ ቀጠሮ ማድ ቤት፣ የእሱ ሳሎን፣ የልጆቹ ስልክ ውስጥ። በቀጠሮው ቀን ሁሉም የየራሱን አይቶ ሌላውን "ለምን አልነገርከኝም?" ይላል። ይህን የመሰለ የሥራ ክፍፍል የት ይገኛል?

ከሁሉም በላይ የማደንቀው ግን ገጽ አለመግለጣቸውን ነው። በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ሐምሌ ገብቷል፣ ግድግዳው ላይ ገና መጋቢት ነው። የሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 13ኛ እኮ በ1582 ከካላንደሩ 10 ቀን ለመቀነስ ትልቅ አዋጅ ማውጣት ነበረባቸው። ኦክቶበር 4 አድሮ 15 ሆነ፣ ዓለምም እስከ ዛሬ ያወራዋል። የእኛ ጀግኖች ያለ አዋጅ፣ ያለ ጫጫታ አራት ወር ይውጣሉ። ማንም አላጨበጨበላቸውም።

ያለፈውን ዓመት ካላንደር አለማውረዳቸውን በስንፍና የሚያማ አለ። ሒሳብ አያውቅም ማለት ነው። ጃንዋሪ 1 ከሰባቱ ዕለታት በአንዱ ይውላል፤ ዓመቱ ወይ 365 ወይ 366 ቀን ነው። ስለዚህ ያለው የካላንደር ዓይነት 14 ብቻ ነው፣ ተራውን ጠብቆም ይመለሳል። በዚያው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የ2015ቱን ሰቅሎ የተወ ሰው 11 ዓመት ቢታገስ ነው፤ ለ2026 ዕለቱ ሳይዛነፍ ልክ መጣለት። የ2020ውን የሰቀለ ትንሽ ይቆይበታል፣ ዓመቱ ባለ 366 ቀን ነበርና። በ2048 ግን ይደርስለታል። እስከዚያው አቧራውን ጠረግ ማድረግ ነው።